የፍጻሜው ተሳዳጅ

ብሮዲ ከኋላ መጥቶ የዊላን እጅ ያዘና ወደ ላይ አነሳው። ዳኛዋ ዳፍኒ «የፍጻሜው ተሳዳጅ ማን ይሁን?» ብላ ጠይቃ ገና መልስ እየጠበቀች ነበር።

«ይቺ ትሁን» አለ ብሮዲ። «በሃርሎው ኮሌጅ ስም እየነገርኳችሁ ነው፣ ይቺን ልጅ የሚይዛት የለም።»

ዊላ እጇ አየር ላይ እንደተሰቀለ ዞር ብላ አየችው። ይሄ ካፒቴኗ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን «ዊላ፣ ግቢ» ብሏት የማያውቅ ካፒቴን። እሷ ከመስመሩ ውጪ ቁጭ ብላ የሌሎቹን ጃኬትና ውሃ ስትጠብቅ የከረመች ልጅ ናት። ጃኬቱ ሁሉ እሷ ላይ ስለሚከመር የቡድኑ ልጆች «ቁምሳጥን» ነው የሚሏት። ስቃ ታልፈዋለች፤ ማታ አልጋዋ ላይ ግን አትስቅም።

ተሳዳጅ መሆን ደግሞ ቀልድ አይደለም። ኩዊዲችን፣ ከጠንቋዮች ልብ ወለድ የወጣውን ይሄን ጨዋታ፣ መጀመሪያ ያየ ሰው ይስቃል፣ ትልልቅ የኮሌጅ ልጆች እግራቸው መሀል ዱላ አድርገው ሲሮጡ ማን አይስቅም? መጥረጊያ ይባላል እንጂ አሁን አሁን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ከዛ አንዱ ሌላውን ከወገቡ አንስቶ ጭቃው ላይ ሲያነጥፈው ሳቁ ይቆማል። በአንዷ ኳስ ቀለበት ውስጥ ጎል ያገባሉ፣ በሌሎቹ ኳሶች ይመታታሉ። የተመታ ሰው ከመጥረጊያው ይወርድና ተመልሶ የራሱን ቡድን ቀለበት ነክቶ ነው እንደገና የሚጫወተው። ዳኛ ባያይ እንኳን ይወርዳል። ይወርዳል ነው የሚባለው እንግዲህ።

ተሳዳጅ ግን የማንም ቡድን አይደለም። ቢጫ ይለብሳል፣ መጥረጊያም የለውም። ሱሪው ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ካልሲ ውስጥ የገባች የቴኒስ ኳስ በማጣበቂያ ተለጥፋ ትንጠለጠላለች። ከየቡድኑ አንድ አንድ አሳዳጅ እሷን ለመመንተፍ ይከተለዋል፤ እሱም ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ይጥላቸዋል። ኳሷን የመነተፈ ሠላሳ ነጥብ ያገኛል፣ ጨዋታውም እዛው ያልቃል። ስለዚህ ነው ለፍጻሜው ከተሸነፉት ቡድኖች ሰው ተመርጦ ሁለቱም ካፒቴኖች «እንስማማለን» የሚሉት።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር ወንድ ነው። ዊላ አንገቷም ቀጭን፣ እሷም ቀጭን።

ለፍጻሜው የደረሱት ቀያዮቹ ቴልፎርድና ሰማያዊዎቹ ኬንድሪክ ናቸው። የቴልፎርዱ ካፒቴን ኮልተን ከላይ እስከ ታች አያትና ትሁን አለ፤ እንደውም ቶሎ ጨርሰን ምሳ እንበላለን ብሎ ቀያዮቹን ሁሉ አሳቃቸው። የኬንድሪኳ ካፒቴን ኔል፣ ረጅሟ ልጅ፣ ትከሻዋን ነቀነቀችና እሺ አለች። ሁለቱም የየቡድናቸው አሳዳጅ ናቸው። ዳፍኒ ቢጫውን ሸሚዝ ለዊላ ወረወረችላት። ዊላ ሸሚዙን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደ ሕፃን ፈገግ አለች።

ፈገግታዋ የቆየው የቡድናቸው ቫን ጋ እስኪደርሱ ነው።

ብሮዲ የቫኑን በር ከፍቶ አስቀመጣትና እሱ ከፊቷ ተንበረከከ፣ ጫማዋን ሊያስርላት ይመስል ነበር። ማርጎም እዛው ነበረች። ማርጎ የዊላ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ናት፣ የሃርሎውም ምርጥ ኳስ ወርዋሪ። ጣቷ ላይ ፕላስተር እየጠመጠመች ቀና ሳትል ትሰማለች።

ብሮዲ ድምጹን ዝቅ አድርጎ አስረዳት። ኮልተን ሲመጣ ጀርባሽን እንዳታሳዪ፣ ሞተሽ ተከላከይ አላት። ኔል ስትመጣ ግን በቀኝ በኩል ትንሽ ዘግየት ካልሽ ማንም አያውቅም፤ ትንሽ ብቻ።

«ምን እያልከኝ ነው?» አለች ዊላ።

«ጠዋት የበሉንን እናስታውሳቸው እያልኩሽ ነዋ።»

የጠዋቱን ማን ይረሳል። በግማሽ ፍጻሜው የማርጎ ኳስ ኮልተን ጀርባ ላይ ጧ ብላ ስታርፍ ዊላ ከተከመረው ጃኬት ውስጥ ሆና ሰምታዋለች። ኮልተን ግን ከመጥረጊያው አልወረደም። ሁለት እርምጃ ተራመደና ኳሷን ከተሳዳጁ ወገብ ላይ መነተፈ፣ የዛ ጨዋታ ዳኛ አላየም፣ በቃ አለቀ። ማርጎ ስትከራከር ኮልተን ምንም አልተሰማኝም አለ። ከዛ መብረቅ መጣና ሁሉም ወደየመኪናው ሲሮጥ፣ የሃርሎው ልጆች ቫኑ ውስጥ ጉልበታቸውን አቅፈው አለቀሱ። ዊላም አልቅሳለች። አልተጫወተችም፣ ግን አልቅሳለች።

ብሮዲ ቀጠለ። የሚቀጥለው ዓመት ከሰባቱ ቋሚዎች አንዷ አንቺ ነሽ አላት። ጃኬት መጠበቅ የለም፣ ቁምሳጥን መባልም የለም።

ዊላ ማርጎን አየቻት። ማርጎ ፕላስተሩን በጥርሷ በጠሰችና «ሰምተሻል አይደል ስታርፍ?» አለች። «አንቺ ራስሽ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ።»

ዊላ ሸሚዙን ለበሰች። ሰፊ ነበር፣ እጅጌውን ጠቀለለችው። እና ምን ትዝ አላት መሰላችሁ? ብሮዲ እጇን ሲያነሳው የተሰማት ደስታ። በዓመቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመረጠች፤ ለካ የመረጣት ስለምትሮጥ አይደለም፣ እሺ ስለምትል ነው።

«ለሷም አላስይዝም፣ ለሱም አላስይዝም» አለችና ከቫኑ ወረደች። «ከቻሉ ይያዙኝ።»

ብሮዲ ሳቀ። ልጅቷ ፈርታ ነው፣ ሜዳ ስትገባ ይገባታል አላት ለማርጎ፣ ዊላ እየሰማች።

ኦሃዮ ሚያዝያ ላይ ጭቃ ነው፣ ሜዳውም ጭቃ ብቻ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ተሳዳጁ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣ አሳዳጆቹም እንደዛው። ቀያዮቹና ሰማያዊዎቹ ሲያገቡ ሲያስቆጥሩ፣ አንዱ ሲመራ ሌላው ሲደርስበት፣ ዊላ እግሯን እያፍታታች ሁለቱን አሳዳጆች አጠናች። ኮልተን ግራ እጁን ያስቀድማል። ኔል ከመዝለሏ በፊት ትንፋሿን ትይዛለች። ጃኬት ጠባቂ ብዙ ነገር ያያል፤ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ምን ሥራ ነበራት?

ዳፍኒ ፊሽካዋን ነፋችና ገቡ። ነጥቡ የአንድ ጎል ልዩነት ብቻ ስለነበር ኳሷን የመነተፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ይሄን የማያውቅ ሰው ሜዳው ዙሪያ አልነበረም።

ኮልተን ቀድሞ መጣ። ዊላ ግራ እጁን ገና ሲዘረጋ ያዘችና በራሱ ፍጥነት አሳለፈችው፤ በአፍንጫው ጭቃ ጠጣ። የሰማያዊዎቹ ደጋፊዎች የያዙት ቃጭል አበደ። ከዛ ኔል መጣች። ትንፋሿን ያዘች፣ ዘለለች፣ ዊላ ጎንበስ አለችና ከላይዋ አሳልፋ ጣለቻት። አሁን ቃጭሉ ዝም አለ፣ ቀያዮቹ ጮኹ። ብሮዲ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ሁለቱን እጆቹን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ዊላ አየችው፣ ሆን ብላም አየችው፤ ኔል ሁለተኛ ስትመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው አብሳ ጣለቻት።

እንዲህ ሆነና ልጅቷ አልያዝ አለች። ቶሎ ጨርሰን ምሳ እንበላለን ያሉት ምሳቸውን ረሱ። አንድ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ላይ መጡባትና እሷ በመሀላቸው ስትሾልክ እርስ በርስ ተጋጩ፤ የሁለቱም ቡድን ሰው አብሮ ሳቀ። ዊላ ሱሪዋ፣ ሁለቱም ጉልበቶቿ፣ ፀጉሯ ሳይቀር ጭቃ ሆኗል። ደስ ብሏታል። ጉሮሮዋ እየተቃጠለ ደስ ብሏታል።

ከዛ ያቺ ነገር መጣች።

ኔል ከፊት ስትገፋት ኮልተን ከጎን መጥቶ ወገቧን አቀፈ። ዊላ ልትዞር ስትል ግራ እግሯ ተንሸራተተና ጉልበቷ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ቅዝቃዜው እስከ ጭኗ ተሰማት። የተሳዳጁ ጉልበት መሬት ከነካ ማሳደዱ ይቆማል። ይነሳል፣ ሦስት ይቆጠርለታል፣ ከዛ ነው የሚቀጥለው። ይሄን ሕግ ጀማሪም ያውቀዋል። ቅዝቃዜው ከተሰማት በኋላ ነው ካልሲው ከወገቧ ላይ ጨርር ብሎ ሲላቀቅ የተሰማት። በፊት አይደለም፤ በኋላ ነው።

ኮልተን ኳሷን ወደ ሰማይ ይዞ ሮጠ። ቀያዮቹ መስመሩን ጥሰው ገቡ።

ዳፍኒ ፊሽካዋን ነፍታ ሁሉንም አስቆመችና ዊላን ወደ ጎን ወሰደቻት። ዳፍኒ ራሷ ኔል ስለጋረደቻት አላየችም፤ ረዳቶቿም አላዩም። እንዲህ ሲሆን ተሳዳጁ ነው የሚጠየቀው፣ የተናገረውም ይጸናል። ከማንም ቡድን ያልሆነው ለዚህ ነው።

«ቆመሽ ነበር ወይስ ወድቀሽ?» አለቻት።

ዊላ አፏን ልትከፍት ስትል ከዳፍኒ ትከሻ በላይ ብሮዲን አየችው። በእጁ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። ወድቄ ነበር በይ ነው። አይቶ አይደለም፤ ከዛ ርቀት ሊያይም አይችልም። መዋሸት ያለባት መስሎት ነው።

አስቡት እስቲ። ወድቄ ነበር ካለች ሃርሎው ሃርሎው ብሎ የሚጮኸው ሁሉ «የኛ ልጅ» ይላታል፣ ቀያዮቹ «ሌባ» ይሏታል፣ ሁሉም ስለሷ የሚያወራው አንድ ዓይነት ውሸት ይሆናል። ቆሜ ነበር ካለች ደግሞ ቡድኗን ላሸነፈው ልጅ የመሰከረች ቅን ልጅ ትባላለች። ኮልተን ራሱ ትከሻው ላይ ይሸከማታል። ውሸቱ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ ቆሟል፤ እውነቱ ጭቃ ነው። ጉልበቷን አየች። ሁለቱም ጉልበቶቿ ቀድሞም ጭቃ ስለነበሩ ምንም አይመሰክሩላትም።

«ወድቄ ነበር» አለች። «ግራ ጉልበቴ መሬት ነክቷል። የመነተፈው ከዛ በኋላ ነው።»

 ዳፍኒ እጇን አንስታ አልጸደቀም አለች።

የሆነውን ጩኸት አልነግራችሁም። ኮልተን መጥረጊያውን ወርውሮ እየተንደረደረ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ቂም ይዛብናለች፣ ድሮም እሷን መምረጥ አልነበረብንም፣ ትቀየር፣ አሁኑኑ ሌላ ሰው ይግባ አለ።

«ቡድንሽን ስላሸነፍን ነው» አላት።

ዊላ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው ያየችው፤ ደረቱ ጋ ነው የምትደርሰው።

«ቡድኔን ስታሸንፍ ኳሱ ጀርባህ ላይ አርፎ ነበር» አለችው። «ያኔም ታውቅ ነበር። አሁንም ጉልበቴ የት እንደነበረ ታውቃለህ። እጅህ እኮ ወገቤ ላይ ነበር።»

 ኮልተን እጁ ላይ ያለችውን የቴኒስ ኳስ አየት አደረገ፣ ለዳፍኒ ሰጣትና ሄደ። ትክክል ናት አላለም። ዋሽታለችም አላለም። መጥረጊያውን ካነሳ በኋላ ግን ለጓደኞቹ ምን እንዳላቸው እንጃ፣ ስድቡ በረታ።

ዳፍኒ ወደ ዊላ ተጠግታ ከፈለግሽ መውጣት ትችያለሽ አለቻት፤ ማንም አይፈርድብሽም፣ ሌላ ሯጭ አለ።

«እውነት ስለተናገርኩ ነው የምወጣው?» አለች ዊላ። ካልሲውን ተቀብላ ሱሪዋ ላይ መልሳ ለጠፈችው። «ቁጠሪ።»

ዳፍኒ ሦስት ቆጠረች።

ከዚህ በኋላ ዊላ የሮጠችውን ሩጫ ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ቀያዮቹ ኔል በመጣች ቁጥር «አሁን ታስይዛታለች፣ እዩዋት» ይላሉ፤ ዊላ ኔልን ትጥላታለች። ብሮዲ ኮልተን በመጣ ቁጥር «ያዢው የኔ ጀግና» ይላል፤ ኮልተንን ስትጥለው ለሱ ብላ እንዳይመስለው ትመኛለች፣ ግን ትጥለዋለች፤ ምን ታድርግ። ሁለቱም ወገን የሚያየው የየራሱን ዊላ ነው። ሜዳው ላይ ያለችውን ያየ ማንም የለም።

በመጨረሻ ኔል ያዘቻት። በደንብ ነው የያዘቻት። ትንፋሿን ሳትይዝ መጣች፤ እሷም ለካ ዊላን ስታጠና ነበር። ዊላ ጎንበስ ስትል ኔል አልዘለለችም፣ ቆማ ጠበቀቻትና በቀኝ በኩል እጇን ሰደደች።

በቀኝ በኩል።

ዳፍኒ ልትጠይቃት ገና ስትዞር ዊላ እጇን አወጣች። «ንጹህ ነው። ቆሜ ነበር፣ ይዛኛለች።»

ሰማያዊዎቹ ኔል ላይ ተከመሩ። ኔል ከክምሩ ስር ሆና አንድ እጇን አውጥታ የዊላን ቁርጭምጭሚት ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው። ከቀያዮቹ በኩል ደግሞ በግማሽ የተጠጣ የብርቱካን ጭማቂ ጠርሙስ መጥቶ ዊላ እግር ስር ፈሰሰ። አንዲት ልጅ «ሌባ» አለቻት፣ በሙሉ ድምጿ። ዊላ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ መጀመሪያ ዓይኗን እስክትሰብር ድረስ አየቻት።

ብሮዲ ክንዶቹን ዘርግቶ መጣ። የሃርሎው ልጆች ሁሉ ከኋላው ናቸው፣ ስሟን እየጠሩ፣ ቁምሳጥን የሚል የለም። ብሮዲ ስለ ጉልበትሽ ያልሽው ነገር ጭንቅላት ነው አላት፤ በቀኝ በኩል የዘገየሽውማ ከዛም ይበልጣል፣ እኔ ራሴ ባላውቅ ኖሮ አምን ነበር።

«ብሮዲ» አለች ዊላ። «ጉልበቴ መሬት ነክቶ ነበር። ኔልም የያዘችኝ ስለበለጠችኝ ነው። ለአንተ ብዬ ያደረግኩት ነገር የለም።»

ብሮዲ ጠቀሳት። «አዎ፣ አዎ። እንደሱ ነው የምንለው።»

«እንደሱ ነው የሆነው።»

«ገብቶኛል እኮ። የሚቀጥለው ዓመት ከሰባቱ ነሽ፣ ቃሌ ቃል ነው።»

ዊላ ይሄን ቃል ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው ነበር። ሌሎች ሲባሉት ሰምታዋለች፤ ለብቻዋ መስታወት ፊት ቆማ እንዴት እንደምትመልስም ተለማምዳለች። የተለማመደችው ግን ይሄን አልነበረም።

«ላልሠራሁት ነገር አትሸልመኝ» አለችው። «በዚህ ከሆነ አልፈልግም፤ ስጫወት አይተህ ከሆነ ያኔ ጥራኝ። ካልጠራኸኝም ተወው።»

ብሮዲ ፈገግታውን ሳይሰበስብ ዙሪያውን አየ፣ ቀልድ ከሆነ አብሮት የሚስቅ ሲፈልግ። ማንም አልሳቀም። ትከሻውን ነቅንቆ ቫኑን እንጫን፣ ከመጨለሙ በፊት መንገድ እንጀምር አለና ልጆቹን ይዞ ሄደ።

ማርጎ ቀረች። ፕላስተሯን ላጠች፣ መልሳ ለጠፈች።

«ለኔ ብቻ ንገሪኝ» አለች በመጨረሻ። «ነክቶ ነበር?»

ይሄ «ሌባ» ከመባሉ በላይ አመማት። ከማርጎ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚተኙት። ዊላ ልትምል ነበር፤ በእናቷ፣ በምኑም በምኑም። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ መለሰችው።

«አንዴ ተናግሬያለሁ።»

ይሄኔ ዳፍኒ ከወዲያኛው ሜዳ በኩል እየሮጠች መጣች። በመብረቁ ምክንያት የተላለፈ የአምስተኛ ደረጃ ጨዋታ ነበር፤ ተሳዳጃቸው ሲያሟሙቅ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለበትና ሰው የላቸውም። ሁለቱንም ካፒቴኖች ጠይቃለች። አንደኛው ወዲያው እሺ ብሏል፣ ሌላኛው ትንሽ አጉረምርሞ እሺ ብሏል። አልደበቀቻትም፣ ቀያዮቹም እዛው ሜዳ ዳር ተቀምጠው እየበሉ ነው አለቻት።

«እግርሽ ከደከመ ይገባኛል» አለች ዳፍኒ።

እግሯማ ደክሟል። ጭቃው ጭኗ ላይ ደርቆ ስትራመድ ይሰነጣጠቃል።

«ቫኑ እኮ ሊሄድ ነው» አለች ማርጎ።

«ይሂድ» አለች ዊላ።

ማርጎ ቫኑን አየች፣ ዊላን አየች፣ ከዛ ባዶ የውሃ ሳጥን ስባ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

ዊላ ካልሲውን ከዳፍኒ ተቀብላ እየሄደች ለጠፈችው። ያኛው ሜዳ ሁለት መግቢያ አለው፣ አንዱ በዛፎቹ ጀርባ ነው፣ ሌላኛው በተቀመጡት ቀያዮች ፊት ለፊት። ገና ከሩቅ አንዱ አይቷት ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው፣ ቀጥሎም ማፏጨት ጀመሩ።

ዊላ በነሱ በኩል ገባች።